ስለ ሕፃናትና ስለ ዘንዶው ታሪክ

ሕፃን ፊደል ቈጥሮ ቃል ማንበብ ከመጀመሩ በፊት ሥዕል ያነባል። ዐይኑ ያየውን ልቡ ይቀበላል፤ ልቡ የተቀበለውንም በጨዋታው ጊዜ እጁና እግሩ ይሠሩታል። በሰንበት ቀን ባለ ፈረሱን ሰማዕት በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያየ ልጅ ከሰዓት በኋላ ሸንበቆውን ፈረስ አድርጎ በደጅ ሲጋልብ የሚታየው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ሥዕል ለሕፃን ልቡና ምግብ ከሆነ፥ ወላጅ ልጁ የሚበላውን እንጀራ እንደሚመረምር ሁሉ ልጁ የሚያየውንም ሥዕል ሊመረምር ይገባዋል።

በዛሬው ጊዜ በጎንደር ከተማም ሆነ መብራትና ስልክ በደረሰበት በደጋው አገር፥ ልጆች ኮሚክ የሚባለውን የሥዕል ታሪክ ያውቃሉ። ጥቂቶቹ በወረቀት ታትሞ፥ የሚበዙትም በወላጆቻቸው የእጅ ስልክ ያገኙታል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አለው። ዕድሜያቸው ለጋ የሆነ ጥቂት ጓደኛሞች ቤታቸውን ትተው ይወጣሉ፤ በዱርና በገደል ይንከራተታሉ፤ ልዩ ልዩ አስፈሪ ፍጥረት ይገጥማቸዋል፤ በመጨረሻም እሳት ከሚተፋ ዘንዶ ጋራ ይዋጋሉ። ልጁም ገጹን እየገለጠ፥ ምግቡን እየረሳ፥ የወጣቶቹን መንገድ እስከ መጨረሻው ይከተላል።

ይህን የሚያዩ ወላጆች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኞቹ «ይህ የአጋንንት ሥዕል ነው፤ ልጅን ያባንናል፤ ይቃጠል» ይላሉ። ሁለተኞቹም «የልጅ ጨዋታ ነው፤ ዝም እስካለልን ድረስ ምን ቸገረን» ይላሉ። እነዚህ ሁለት ወገኖች የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ከልጁ አጠገብ ተቀምጠው ሥዕሉን አለመመልከታቸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳያዩ ይፈርዳሉ፤ ሁለተኞቹ ሳያዩ ይፈቅዳሉ። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የዘንዶ ታሪክ ለሕፃን ይገባል ወይስ አይገባም፥ የሚገባስ ከሆነ የትኛው ነው የሚለውን ጥያቄ አስቀድመን አይተን ቀጥለን ለመፍረድ እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ልናስተውለው የሚገባ ነገር፥ በሥዕል የሚነገር የዘንዶ ታሪክ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር አለመሆኑን ነው። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 በቈረቈሯት በጎንደር ከተማ፥ በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1682–1706) የተመሠረተውን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ድርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን በእሳት ባጠፉ ጊዜ ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ይኸው ደብር ነው። በውስጡ ገብቶ ቀና የሚል ሰው በጣራው ተሸካሚ እንጨቶች መካከል የተደረደሩ ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶች ወደ እርሱ ሲመለከቱ ያያል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞላ ነው፤ ከባለ ፈረሶቹም ሰማዕታት መካከል ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ ይታያል።

ከግድግዳው ሥዕል ሌላ በጎንደር ዘመን ከተጻፉት የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ ታሪኩን በአንድ ሥዕል ብቻ አይነግሩም። ገጹን ከፍለው አስቀድሞ የሆነውን በላይ፥ ቀጥሎ የሆነውን በታች ያደርጉታል፤ በሥዕሉም አጠገብ «ዘከመ» እያለ የሚጀምር አጭር ጽሑፍ ይኖራል፤ ይህ ነገር እንዴት እንደ ሆነ ለመንገር ነው። በኋላ ዘመንም የአዲስ አበባ ሠዓልያን የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ትናንሽ ሥዕሎች ከፋፍለው በአንድ ሸራ ላይ እየሣሉ ሲሸጡ ኖረዋል፤ የዚያም ታሪክ መነሻው አርዌ የተባለው ዘንዶ ነው። እንግዲህ በአራት ማዕዘን የተከፋፈለ ሥዕል፥ በሥዕሉ አጠገብ አጭር ቃል፥ በታሪኩም ውስጥ ዘንዶ ካለ፥ ዛሬ ልጆቻችን የሚያገላብጡት የሥዕል መጽሐፍ ለአያቶቻችን ፈጽሞ እንግዳ አይሆንባቸውም ነበር። ስለዚህ ዘንዶ በመሣሉ ብቻ ሥዕሉን የሚያወግዝ ሰው ሳያስበው የራሱን ደብር ግድግዳ ያወግዛል።

ነገር ግን እንዲህ የሚል ሰው ይነሣ ይሆናል፤ «የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል እውነተኛውን ክፋት ድል ስለ ማድረግ ይናገራል፤ የልጆቹ መጽሐፍ ግን ያልነበረውን እንደ ነበረ የሚያወራ ሐሰት ነው» ይላል። ይህ ከባድ ተቃውሞ ስለ ሆነ በቀላሉ ልናልፈው አይገባንም። ሐሰት ማለት ያልሆነውን መናገር ብቻ አይደለም፤ ያልሆነውን ሆኗል ብሎ ሰሚውን ማታለል ነው። ተረት ግን ራሱን አይደብቅም። በአገራችን ማታ በእሳት ዳር ተረት የሚያወራ ሰው አስቀድሞ «ተረት ተረት» ይላል፤ ልጆቹም «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ። በዚህ ቃል ነጋሪውም ሰሚውም ወደ ተረት ቤት አብረው መግባታቸውን ይዋዋላሉ፤ በዚያ ቤት ጅብ ቢናገር፥ ዝንጀሮ ቢፈርድ የሚታለል የለም።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ይህን መንገድ አልናቁትም። በመጽሐፈ መሳፍንት በ9ኛው ምዕራፍ ኢዮአታም ለሴኬም ሰዎች ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ እንደ ወጡ አድርጎ ተናገራቸው፤ ወይራው፥ በለሱና ወይኑ እንቢ ሲሉ መንገሥን የወደደ እሾህ ሆነ። ዛፍ እንደማይናገር የማያውቅ ከሰሚዎቹ አንድ ስንኳ አልነበረም፤ ነገር ግን ስለ ክፉ ገዥ በቀጥታ ሊነገራቸው ያልቻለውን እውነት በዚያ ምሳሌ ሰሙ። አባቶቻችንም በአክሱም ዘመን ፊሳልጎስ የተባለውን መጽሐፍ ወደ ግእዝ ተርጕመው፥ ስለ እንስሳትና ስለ አዕዋፍ የተነገረውን ድንቅ ነገር ለመንፈሳዊ ትምህርት አንብበውታል። ስለዚህ ምናብ በራሱ ኃጢአት አይደለም። በእነዚህ የሥዕል ታሪኮች ውስጥ ስለሚታየው አስማት የተጠየቅን እንደ ሆነም ይህንኑ እንመልሳለን፤ በተረት ቤት ውስጥ የሚያበራ ሰይፍ የተረት ጌጥ ነው፤ መጽሐፉ ልጁን ከተረቱ አውጥቶ ወደ ጠንቋይ ደጅ የሚመራ ከሆነ ግን ያ ተረት መሆኑ ቀርቶ ስብከት ሆኗልና ወላጅ ሊከለክለው ይገባል።

ሌላው የወላጆች ሥጋት ፍርሃት ነው። አስፈሪ ሥዕል ልጅን ያስፈራዋል ይባላል። ይህ በአንዳንድ ልጅ ላይ እውነት ነው፤ የልጁን ዕድሜና ጠባይ የሚያውቅ ወላጅም ለየልጁ የሚበቃውን ይለካል። ዳሩ ግን ፍርሃትን ወደ ልጅ ልብ የሚያስገባው መጽሐፍ ብቻ ነውን? በስሜን ተራሮች፥ በጃናሞራና በደባርቅ አገር በግ የሚጠብቅ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ጭጋግ ሲወርድ ገደሉ ከየት እንደሚጀምር አያይም፤ ማታም የጅብ ድምፅ ከበረቱ በስተጀርባ ይሰማል። ይህ ልጅ ፍርሃትን ከሥዕል አልተማረም፤ ሥዕሉ ሊነግረው የሚችለው የሚፈራ ሰው ሳይሸሽ ሊቆም እንደሚችል ነው።

ወጣቶች ከቤታቸው ወጥተው ሲንከራተቱ የሚያሳየው ታሪክም ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በደጋው አገር ቤቱን ትቶ የሚወጣ ልጅ የቆሎ ተማሪ ይባላል። ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ ከውሻ የሚከላከልበትን በትር ይዞ፥ ስለ እመቤታችን ስም እየለመነ ወንዝ ተሻግሮ ተራራ ወጥቶ ቅኔ ወዳለበት፥ ወይም ለአቋቋም ወደ ጎንደር በኣታ ይሄድ ነበር፤ ዛሬም የሚሄድ አለ። ረኀብና ብርድ፥ እከክና ናፍቆት ይገጥመዋል፤ ጓደኛው ሲታመም ለእርሱም ይለምንለታል። የልጆች የሥዕል ታሪክ ይህን የመሰለ ጓደኝነት ሲያሳይ፥ ማለት ጠንካራው ደካማውን ሲጠብቅ፥ የተገኘው ጥቂት ምግብ ለሁሉ ሲካፈል፥ ከአባቶቻችን የጉዞ ሕይወት የራቀ ነገር አላሳየም።

እንግዲህ ዘንዶው የተከለከለ አይደለም፤ ምናቡም ሐሰት አይደለም፤ ፍርሃቱም በልክ ሲሆን ጥቅም አለው ካልን፥ ክፉውን ከደጉ የምንለይበት ሚዛን ምንድር ነው? ብዙ ሰዎች «ደጉ ክፉውን ድል የሚያደርግበት ታሪክ ሁሉ ጥሩ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ይህ መልስ ግን እንደማይበቃ የሌላ አገር ታሪክ ያስተምረናል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ፍሬድሪክ ቨርታም የተባለ የአእምሮ ሐኪም የሥዕል ታሪክ መጻሕፍት ልጆችን ወደ ወንጀል ይመራሉ የሚል መጽሐፍ አወጣ፤ የአገሪቱ ሴኔትም ስለ ነገሩ ሸንጎ ተቀመጠ። አሳታሚዎቹም ፈርተው በዚያው ዓመት ደንብ አወጡ። ደንቡም ከሌሎች ክልከላዎች ጋራ በየታሪኩ ሁሉ ደጉ ክፉውን ድል እንዲያደርግ ያዝዝ ነበር። ያ ሥርዓት ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የመጨረሻዎቹ አሳታሚዎች ሲተዉት አበቃ። እ.ኤ.አ. በ2012ም የሐኪሙን ወረቀቶች የመረመረች አንዲት ምሁር ሐኪሙ ልጆቹ የተናገሩትን ለሐሳቡ እንዲስማማ አድርጎ እንደ ለዋወጠው ገለጠች።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ልጆችን እንጠብቃለን ብለን እውነትን ማጣመም እንደማይገባን ነው። ሁለተኛው፥ ድል በራሱ ምግባር አለመሆኑን ነው። ደንቡ ማን አሸነፈ ብሎ ጠየቀ፤ ለማን ብሎ ተዋጋ ብሎ ግን አልጠየቀም። በዓለም ታሪክ ያሸነፈ ሁሉ ራሱን ደግ፥ የተሸነፈውን ክፉ ብሎ ይጠራልና፥ አሸናፊነትን የደግነት ምልክት አድርጎ የተማረ ልጅ ሲያድግ ጕልበት ያለውን ሁሉ እንደ ጻድቅ ያያል።

አሁን ወደ ጎንደሩ ሥዕል እንመለስ። የአገራችን ሠዓልያን ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲሥሉ ሦስት ነገር ማሳየት ልማዳቸው ነው። ነጭ ፈረስ የተቀመጠው ሰማዕት አለ፤ ከፈረሱ እግር በታች ዘንዶው አለ፤ በጎን ደግሞ በዛፍ ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ልጅ አለች። እርስዋም ብሩታዊት ትባላለች። ትውፊቱ እንደሚናገረው የቤሩት ሰዎች ዘንዶውን ፈርተው ልጆቻቸውን በዕጣ እየሰጡት ሲኖሩ ዕጣው ለንጉሡ ልጅ ደረሰ፤ ሰማዕቱም መጥቶ አዳናት። ብዙ ሰው ይህን ሥዕል ሲያይ ዐይኑ በፈረሱና በጦሩ ላይ ይቀራል፤ ልጆችማ ከሁሉ አስቀድመው የሚያዩት ዘንዶውን ነው። ነገር ግን የሥዕሉ ፍሬ ነገር ያለው በዛፉ ላይ ነው። ልጅቱን ከሥዕሉ ብናወጣት የሚቀረው አንድ ጋላቢ አንድ አውሬ ሲገድል ነው፤ ያ አደን ይባላል እንጂ ሰማዕትነት አይባልም። ጦሩን የተቀደሰ ያደረገው ስለቱ አይደለም፤ የዘንዶውም አስፈሪነት አይደለም፤ በዛፉ ላይ ያለችው ልጅ ናት።

ለልጆች የሥዕል ታሪክ የምናቀርበው የመጀመሪያው ሚዛን እንግዲህ ይህ ነው፤ በዛፉ ላይ ማን አለ? ወጣቶቹ የሚዋጉት የሚበላ ሰው ስላለ ነውን? ወይስ ዘንዶው የተኛበትን ወርቅ ለመውሰድ፥ ወይስ ስማቸው እንዲጠራ ብቻ? ወርቅ ፍለጋ የሚገደል ዘንዶ በብዙ አገር ተረት አለ። በሰሜን አውሮፓ የቆየ አንድ ተረት ግን ለወርቅ የሚጓጓ ሰው ፍጻሜው ምን እንደ ሆነ በሚገባ ያሳያል። በዚያ ተረት ፋፍኒር የሚባለው ዘንዶ ከመጀመሪያው ዘንዶ አልነበረም፤ ስለ ወርቅ ብሎ አባቱን ገድሎ፥ ወርቁን ማንም እንዳይነካበት በላዩ ተኝቶ ሲጠብቅ ዘንዶ የሆነ ነው። ያን ተረት የተረቱት ሰዎች ዘንዶው ከየት እንደሚወለድ አውቀዋል ማለት ነው።

የእኛም አገር የአርዌ ታሪክ ከዚህ የሚቀርብ ጥያቄ ያነሣል። ሕዝቡ ለአርዌ ከብቱንና ልጆቹን ሲገብር ኖረ፤ አጋቦስ ወይም አንጋቦ የተባለው ሰው መጥቶ በመርዝ ገደለው፤ ሕዝቡም አነገሠው። አጋቦስ ሕዝቡን ከግብሩ አሳርፏልና ሥራው በጎ ነው። ነገር ግን አስተዋይ አባት ይህን ታሪክ ለልጁ ሲነግር በዚያ አያቆምም፤ «ልጄ ሆይ፥ ዘንዶውን የገደለው ሰው ዙፋኑን ከያዘ በኋላ ሕዝቡ ልጁን መገበር ተወን? ወይስ ግብር ተቀባዩ ብቻ ተለወጠ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ዘንዶን መግደል አንድ ቀን ይፈጃል፤ በዘንዶው ዙፋን ላይ ተቀምጦ ዘንዶ አለመሆን ግን የዕድሜ ልክ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ሚዛን ከመጀመሪያው ይልቅ ለዘመናችን ያስፈልጋል፤ ይኸውም ዘንዶው የማንን ፊት ለብሷል የሚለው ነው። ዘንዶ ቅርፊት፥ ጅራትና ጥፍር ያለው ሆኖ መሣሉ ለልጅ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ጎረቤቱን አይመስልምና። ልጁ በልቡ የሚጠላውን ሲያገኝ፥ የተጠላው ክፋት እንጂ ሰው አይሆንበትም። ቅዱስ ዮሐንስ በራእዩ በ12ኛው ምዕራፍ ቅዱስ ሚካኤል የተዋጋውን ዘንዶ ዲያብሎስ ብሎ ተረጐመው እንጂ የአንድ አገር ሕዝብ ስም አልሰጠውም። ቅዱስ ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች በላከው መልእክት በ6ኛው ምዕራፍ የክርስቲያን ተጋድሎ ሥጋ ከለበሰ ሰው ጋራ እንዳልሆነ አስረድቷል። የቀድሞ ሠዓልያን ጻድቃንን በሙሉ ፊት፥ በሁለት ዐይን ሲሥሉ፥ አጋንንትንና ከሓድያንን ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው በአንድ ዐይን ይሥሉ ነበር። እኛ ስናስበው፥ ክፋት ማለት ባልንጀራን ሙሉ ፊት ሰጥቶ አለማየት ነውና ልማዱ ጥልቅ ትምህርት አለው። ስለዚህ ባልንጀራውን በሁለት ዐይኑ ለማየት እንቢ ያለ ሰው ራሱን በየትኛው ወገን እንደ ሣለ ይወቅ።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ዳባት ወረዳ ደርሶ በጭና ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ተገደሉ። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ እጅግ ብዙ ልጆች ከትምህርት ርቀዋል። የዚህ ደጋ ልጆች በመጽሐፍ ካለው ዘንዶ ይልቅ የሚያስፈራ ነገር ሰምተዋል፤ አይተዋልም። ለእንደዚህ ያለ ልጅ «አስፈሪ ሥዕል አትይ» ማለት ዘግይቶ የመጣ ምክር ነው። ይልቁንም ልጁ የደረሰበትን መከራ በልቡ ይዞ ሲቀመጥ፥ ሁለት መምህራን በደጁ ይቆማሉ። አንደኛው «ክፋት ዘንዶ ነው፤ ድል ይሆናል፤ አንተም በዛፍ ላይ ላለው ሰው ቁም» ይለዋል። ሁለተኛው «ዘንዶው ያ ቋንቋው የተለየው፥ ያ በወዲያ ማዶ የሚኖረው ሰው ነው» ይለዋል። ልጁ ሁለተኛውን የሰማ እንደ ሆነ፥ የዛሬ ዐሥር ዓመት ጦሩን በማን ላይ እንደሚያነሣ እናውቃለን። ሰውን አውሬ፥ እባብ፥ ጅብ እያሉ መጥራት ሲጀመር ነፍስ ግድያ እንደ አደን ይቀላል። ይህን ቃል ልጆች ከኮሚክ አልተማሩትም፤ ከእኛ ከአዋቂዎች አፍ ነው የሰሙት። ስለዚህ ሰው መጽሐፉን ከማቃጠሉ በፊት አንደበቱን ይመርምር።

ሦስተኛም ልናስበው የሚገባ ነገር አለ፤ ዘንዶ ሁሉ በጦር አይሸነፍም። ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን ሲመለክ የነበረውን ዘንዶ ያለ ሰይፍና ያለ በትር እንደሚገድለው ለንጉሡ ተናገረ፤ ዝፍትና ስብ ጠጕርም ቀቅሎ ቢያጐርሰው ዘንዶው ተሰንጥቆ ሞተ። በዚያ ታሪክ የሞተው አንድ አውሬ ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ እንደ አምላክ የፈራው ነገር የሚበላና የሚሞት ፍጡር መሆኑ ተገለጠ። ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ አቡነ አረጋዊም ወደ ደብረ ዳሞ ሊወጡ በወደዱ ጊዜ፥ ዘንዶው ወገባቸውን ይዞ ወደ ተራራው ራስ እንዳደረሳቸው ገድላቸው ይናገራል። በዚህ ዘንዶው አልተገደለም፤ ታዝዞ አገልጋይ ሆነ። እንግዲህ በትውፊታችን ዘንዶን በጦር ድል ያደረገ አለ፤ በጥበብ ድል ያደረገ አለ፤ በጸሎት ያዘዘው አለ። በየገጹ መምታትንና መቍረጥን ብቻ የሚያሳይ የሥዕል ታሪክ ልጁን ከሦስቱ መንገዶች አንዱን ብቻ ያስተምረዋል፤ እርሱንም ቢሆን ያለ ልጅቱ። ወጣቶቹ ቆም ብለው ሲያስቡ፥ አውሬው የተራበ ወይም የቈሰለ መሆኑን ሲረዱ፥ ጠላት የመሰላቸውን ወዳጅ ሲያደርጉ የሚያሳይ ታሪክ ግን ለልጁ ልብ ሰፊ መንገድ ይከፍታል።

ከዚህ በኋላ የምንመክረው ሦስት ወገኖችን ነው። ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ከሚያነበው መጽሐፍ አንዱን አብራችሁት እዩ፤ ካነበበ በኋላም ሦስት ነገር ጠይቁት። «በዛፉ ላይ ማን ነበረ? ዘንዶው ማንን ይመስላል? ድል ከሆነ በኋላ ወጣቶቹ ምን አደረጉ?» በሉት። ልጁ የመጀመሪያውን ጥያቄ መመለስ ካልቻለ፥ መጽሐፉ የጐደለው ነገር እንዳለ ራሱ ይነግራችኋል፤ ከመጽሐፉም ቀምታችሁ ከምትጥሉት ይልቅ በዚህ የበለጠ ትጠቅሙታላችሁ።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ሆይ፥ ልጆቹን በግድግዳው ሥዕል ፊት ስታቆሙአቸው የሰማዕቱን ስም ብቻ አስጠንታችሁ አትለፉ። ጣታችሁን ወደ ዛፉ ቀስሩላቸው። ልጅ የሚወደው ዘንዶውን ከሆነ ከዘንዶው ጀምሩ፤ በዚያ በኩል አድርጋችሁ ወደ ልጅቱ ታደርሱታላችሁና።

በአገራችን የሥዕል ታሪክ የምትሠሩ ወጣቶችም ሆይ፥ ሥራችሁ የተናቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለው የኢትዮጵያዊ ልዕለ ኃያል ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሞ መውጣቱ፥ ይህ ሙያ በእኛ ቋንቋና በእኛ ሰው መልክ ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል። የስሜን ገደል፥ የጎንደር ግንብ፥ የቆሎ ተማሪው አኮፋዳ፥ የእረኛው ዋሽንት ገና ብዙ ሠዓሊ ይጠብቃሉ። ዘንዶውን እንደ ፈለጋችሁ አስፈሪ አድርጋችሁ ሣሉት፤ የማንንም ሕዝብ ፊት ግን አታልብሱት፤ በዛፉም ላይ ሁልጊዜ የሚድን ሰው አስቀምጡ።

ልጅ ያድጋል፤ መጽሐፉም ይቀደዳል፤ በዛፉ ላይ የሚጮኽ ሰው ግን በየዘመኑ አይጠፋም። አንድ ቀን ድሀ ይሆናል፤ አንድ ቀን ስደተኛ ይሆናል፤ አንድ ቀንም ትናንት ጠላት ይባል ከነበረው ወገን የተወለደ ሕፃን ይሆናል። ያን ጊዜ ልጃችን ፈረሱን ወደ ማን እንደሚያዞር የሚታወቀው ዛሬ በሥዕሉ ፊት ቆሞ ምን እንዳየ ነው። ሰውን በሁለት ዐይን የምናይበትን ልቡና፥ በመከራ ላለውም የምንቆምበትን ብርታት እግዚአብሔር ለእኛም ለልጆቻችንም ያድለን፤ አሜን።